እቁቡ ሲደርሰኝ ከፋብሪካ ልውጣ?

ዛሬ የምመልሰው ደብዳቤ ከዚሁ ከሐዋሳ፣ ከዳቶ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ስሜ አይውጣ ስላለች አላወጣሁትም። ደብዳቤው ረዘም ያለ ነበር፤ ዋናው ይኸውና።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 28 ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት ኦፕሬተር ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከነኦቨርታይሙ እስከ 4,600 ብር አገኝ ነበር። አሁን ትእዛዝ ቀንሷል ተብሎ ኦቨርታይም ቀርቷል፣ ከእኛ ሼድ ሁለት ላይን ተዘግቷል። አለቃችን ‹መልቀቅ የሚፈልግ ካለ ማመልከቻ ያስገባ› ብሎናል። ባለቤቴ የሴራሚክ ሠራተኛ ነው፣ እጁ የተመሰከረለት። ግንባታው ሲቀዘቅዝ ሥራ አጣና አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል። ለባለቤቱ የቀን ገቢ ካስገባ በኋላ አንዳንድ ቀን ለወጥ እንኳ አይተርፈውም። የሁለት ዓመት ልጅ አለን፣ የሚጠብቁልኝ አማቴ ናቸው።

በሚቀጥለው ወር የ60,000 ብር እቁብ ይደርሰኛል። ባለቤቴ ከጓደኛው ጋር ባጃጅ በሽርክና እንግዛበት ይላል። አማቴ ‹ሥራሽን ተዪና ደጃፍ ላይ ጀበና ቡና ጀምሪ፣ ልጅሽንም ታያለሽ› ይሉኛል። እኔ ደግሞ የስፌት ማሽን ገዝቼ የተማሪ ዩኒፎርም ብሰፋ ብዬ አስባለሁ። ሰፈር ውስጥ ማሽን ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ስለሆነ፣ መካኒካችንን እያየሁ ቀላል ቀላሉን መጠገን ለምጃለሁ፣ ማሽን መግዛቱ አያስፈራኝም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። እሱ ባጃጅ ሲጀምር ሰው ‹የራሱን ሥራ ያዘ› ነው ያለው። እኔ ልውጣ ስል ግን ‹አርፈሽ ቤትሽ ልትቀመጪ ነው?› ይሉኛል። ለምንድን ነው? የቱንስ ልምረጥ? ላይን ሊደሬ ቅርቤ ናት፣ ሐሳቤን ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?»

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባጃጅ፣ ቡና፣ ዩኒፎርም ብለሽ ሦስት ምርጫ አስቀምጠሻል። የእኔ ዓይን ግን የቀረው ምርጫ ብለሽ ያልቆጠርሽው ላይ ነው። «ሰፈር ውስጥ ማሽን ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነው» ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ከእናንተ የመጣውንና ከውጭ የመጣውን እንለይ፤ ባልሽም አንቺም ያጠፋችሁ እየመሰላችሁ እንደምትብሰለሰሉ ከአጻጻፍሽ ይታወቃል።

ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከሲዳማም ከወላይታም ከየገጠሩ ወጣት ሴቶች ወደዚህ ከተማ ጎረፉ። ያ ሁሉ ሥራ የቆመው ግን አንድ ነገር ላይ ነበር፤ እዚህ የተሰፋው ሸሚዝ አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል በኩል አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ኅዳር 2014 ላይ ትልቁ ገዢ፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ እዚህ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። አንቺ ከዚያ ሁሉ በኋላም መስመርሽ ላይ ቆይተሻል። ይሄ ራሱ ስለ እጅሽ የሚናገረው ነገር አለ። የተዘጉት ሁለት ላይኖች አንቺ ዘግይተሽ ወይ ታርጌት ሳትመቺ ቀርተሽ አይደለም የተዘጉት።

የባልሽም እንደዚያው ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሴራሚክም፣ የቧንቧ ዕቃም፣ ሌላው የፊኒሺንግ ዕቃም ዋጋው አልተቀመሰም። ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያቆመው ፊኒሺንጉን ነው። ግድግዳው ይቆማል፣ ጣሪያው ይመታል፣ ወለሉ ግን «ለጊዜው» በሲሚንቶ ይቀራል። የባልሽ እንጀራ ያለው እዚያ «ለጊዜው» የሚባለው ላይ ነው።

እንግዲህ ሁለታችሁም ወደ «የራስ ሥራ» በር እየሄዳችሁ ነው። ግን እዚያ በር የሚደረሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ተስቦ ይመጣል፤ ገበያ አይቷል፣ ከደመወዙ የተሻለ እንደሚያገኝ አስልቷል። ሌላው ተገፍቶ ይመጣል፤ ሥራው ጠፋ፣ ኪራይ ደረሰ፣ ያገኘውን ያዘ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም «የግል ሥራ» ናቸው። ውስጣቸው ግን አይገናኝም። ተገፍቶ የመጣ ሰው የሚመርጥበት ጊዜ የለውም። የዛሬን ብቻ ነው የሚያየው። ባልሽ ባጃጁን የያዘው ተገፍቶ ነው። አንቺ ገና አልተገፋሽም፣ ወር ቀርቶሻል፣ ደመወዝሽም ቢቀጥንም አለ። ይህቺ ወር ትልቅ ሀብት ናት።

አሁን የጠየቅሽኝ ወንድና ሴት የሚለው ነገር። እስቲ አንድ ቀን ከመናኸሪያ እስከ አቶቴ ሂጂና በመንገድሽ የምታዪውን ባጃጅ ሁሉ፣ መሪ የያዘው ማን እንደሆነ ቁጠሪ። ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ። ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ብትወርጂ ጀልባው ላይ ያሉት ወንዶች ናቸው። ብረት በር የሚበይደው፣ ጎማ የሚለጥፈው፣ ሞባይል የሚጠግነው፣ አሸዋ የሚያራግፈው ወንድ ነው። ከዚያ ተመልሰሽ የራስሽን ሰፈር በእግርሽ ሂጂ። ጀበና ቡና፣ እንጀራ፣ ድንች ጥብስ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በጉሊት፣ ፀጉር ሥራ፣ እንደገና ጀበና ቡና። ሥራ ሲጠፋ ወንዱ የሚሸሽበት ብዙ አቅጣጫ አለው። ሴቷ የምትሸሸው አንድ ቦታ ነው፤ ደጃፏ። ሁሉም ሴት ወደዚያው ስትሸሽ ደግሞ ደጃፉ ይጣበባል። ሻጩ ይበዛል፣ ገዢው ግን ያው የድሮው ነው። እንዲያውም ገዢው ይቀንሳል! ዳቶ ውስጥ ቡና የሚጠጣው ማን ነው? ከፋብሪካ የምትወጣው ልጅና የቀን ሠራተኛው ነው። ኦቨርታይም የቀረባት ልጅ መጀመሪያ የምትተወው የውጭ ቡናዋን ነው። ስለዚህ አንቺን ከሥራ የሚያስወጣሽ ነገርና የቡና ደንበኛሽን የሚወስድብሽ ነገር አንድ ነው። አማትሽ ይህን ባያዩት አይፈረድባቸውም፤ በእሳቸው ዘመን ሰፈር ውስጥ አንድ ቡና ነበር።

ለምን ደጃፍ ብቻ ሆነ? ሴት ስለማትችል አይደለም። መጀመሪያ ሰዓት ነው። ልጁ፣ ውሃው፣ ሊጡ፣ አማት ሲታመሙ ማስታመሙ። ባልሽ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ 3 ሰዓት ቢገባ ማንም «ቤቱን ጥሎ» አይለውም፤ አንቺ ብታደርጊው ሰፈሩ ይነጋገራል። ቀጥሎ ካፒታል ነው። መሬቱም ካርታውም በብዛት በወንድ ስም ሆኖ ሲገኝ ለባንክ የሚያሲዘው ያለው እሱ ነው። ከዚያ የሚያስተምር ሰው ነው። ብየዳ የሚማረው የብየዳ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፣ እዚያ ቁጭ ብላ ሻይ የምትጠጣ ሴት የለችም። ማታ በጨለማ መመለሱን ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ፣ የማታ ፈረቃ ለስድስት ዓመት ወጥተሻል።

እና «አርፈሽ ልትቀመጪ ነው?» የሚሉሽ ለዚህ ነው። የሴት የግል ሥራ ከቤቱ ጋር ስለሚቀላቀል ሰው ሥራነቱ አይታየውም። ቡናውን ስትቆዪ፣ ልጁን ስታዪ፣ ወጡን ስታማስይ በአንድ ሰዓት ነው። ሦስቱንም ሠርተሽ ማታ «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ትባያለሽ። አውቀዋለሁ። የዛሬ 12 ዓመት የኮንትራት ሥራዬ ሲያልቅ ቤታችን አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶኮፒ ሱቅ ከፍቼ ነበር። ቦታውን የመረጥኩት ለገበያ ብዬ አልነበረም፤ ለልጆቼ ቅርብ ስለሆነ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ሦስት ሌሎች ነበሩ፣ ሁለቱ ሴቶች፣ እነሱም ያው ለልጆቻቸው ብለው። እኔ ሱቁን ትቼ ልጅ ሐኪም ቤት ስወስድ ደንበኛው ወደ እነሱ ይሄዳል፣ እነሱ ሲዘጉ ወደ እኔ ይመጣል። በ14ኛው ወር ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ልጀምር የምትል ሴት ሁሉ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ የማነሳው ጥያቄ «ቦታውን የመረጠው ማን ነው፣ ገበያው ወይስ ቤትሽ?» የሚል ነው።

አሁን አንድ ጥናት ልንገርሽ፣ ከአንቺ ሕይወት ጋር በጣም ስለሚገጥም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅቶች ላይ ለሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፈሏቸው። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለአንዱ ቡድን የድርጅቱ ሥራ ተሰጠው። ለሌላው 300 ዶላር ግድምና የጥቂት ቀን የንግድ ሥልጠና። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከዓመት በኋላ ሲታይ ሥራው የደረሳቸው ምንም ካላገኙት የተሻለ ገቢ የላቸውም፣ ጤናቸውም የተጎዳ ነበር። ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ነው የወጡት፣ በዓመቱ ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ለቀዋል። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው 33 በመቶ አድጎ ነበር።

እዚህ ላይ ካቆምኩ «በይ እቁብሽን ይዘሽ ውጪ» ማለቴ ነው። ግን ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው አዩ። ልዩነቱ ጠፍቷል። ገንዘብ ያገኙትም ያላገኙትም ገቢያቸው ተቀራርቦ ተገኘ። ገንዘቡ ረድቷል፣ ግን ዓመት ሁለት ዓመት አስቀድሞ አስጀመራቸው እንጂ ወደ ሌላ ደረጃ አላሻገራቸውም።

እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ከፋብሪካ መውጣት ነውር አይደለም፣ ስድስት ዓመት የቆየሽው አንቺ ነሽ ብርቅ። ሁለተኛው ይበልጣል። 60,000 ብር ብቻውን ሥራ አይሆንም። ጎረቤትሽም ነገ እቁቧ ሲደርሳት ልትጀምረው የምትችለው ነገር ላይ ካዋልሽው ብልጫሽ የሚቆየው የእሷ ዕጣ እስኪወጣ ነው። ጀበና፣ ረከቦትና ስኒ ማንም ይገዛል። ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊገዛው የማይችል ነገር ያለሽ የት ነው?

እንግዲህ ወደ አለፍሽው መስመር እንመለስ።

የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ በወንድ ሥራ የገቡ ሴት ነጋዴዎችን አጥንተው ነበር። የሴት በሚባለው ሥራ ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ እጥፍ ያህል ያተርፋሉ። ጥናቱ ለሴቶች ብድር ይሰጥ ከነበረው ፕሮጀክት ጋር የተያያዘ ነው፣ ሐዋሳና አዳማም ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች ውስጥ ነበሩ። ካምፓላ በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ሦስት እጥፍ ነው፤ በሴቶቹ ሥራ የቀሩት አብዛኞቹ በዚያኛው በኩል የተሻለ ገቢ እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር። የተሻገሩትን ከሌሎቹ የለየው የትምህርት ደረጃ አይደለም። አንድ ወንድ ነው፤ አባት፣ ወንድም፣ ባል፣ ወዳጅ፣ ብቻ ሥራውን ያሳየ፣ ከሰው ያስተዋወቀ፣ «እሷ ትችላለች» ያለ። ይሄ ደስ አይልም፣ የወንድ ምስክርነት መፈለጉ ያበሳጫል። ግን እውነቱ እሱ ነው፣ አንቺም ቤትሽ ውስጥ አለሽ።

የስፌት ማሽን ጥገና እዚህ ከተማ የወንድ ሥራ ነው። ፋብሪካችሁ ውስጥም መካኒኮቹ ወንዶች እንደሆኑ ጽፈሽልኝ ባይሆን እንኳ እገምታለሁ። ስፌቱ የሴት፣ ማሽኑ የወንድ። አሁን አስቢው። በአሮጌው ገበያ ዙሪያ ያሉት ልብስ ሰፊዎች፣ በየሰፈሩ አንድ ማሽን ይዘው ዚፕ የሚቀይሩት፣ መጋረጃ ቤቶቹ፣ ስፌት የሚያስተምሩት ማሠልጠኛዎች፣ ከፋብሪካ ወጥተው እቤታቸው ማሽን የገዙት የአንቺው ጓደኞች። ሌሎች ሴቶች ከፋብሪካ በወጡ ቁጥር ሰፊ ይበዛል፣ ሰፊ ሲበዛ የአንድ ልብስ ስፌት ዋጋ ይወርዳል፣ የሚበላሸው ማሽን ግን ይጨምራል። ዩኒፎርም ብትሰፊ ከእነሱ ጋር ትሻሚያለሽ። ማሽን ብትጠግኚ ሁሉም ደንበኛሽ ናቸው።

ስለዚህ እቁብሽ ከመድረሱ በፊት ባለው ወር ይህን እንድትጀምሪ እፈልጋለሁ። መካኒካችሁን ጠይቂው። ስድስት ዓመት አብራችሁ ሠርታችኋል፣ ምሳ ሰዓት ላይ አሳየኝ በይው። አንቺ ቀላል ቀላሉን ትችያለሽ፤ ክር ሲበጥስ ውጥረቱን ማስተካከል፣ መርፌ መቀየር፣ ቺንጋ ማጥበቅ፣ ዘይት። ገንዘብ ያለው ግን ከባዱ ላይ ነው። ስፌት ሲዘል ታይሚንጉን፣ ማለት መርፌውና ከሥሩ ያለው መንጠቆ የሚገናኙበትን ጊዜ፣ መመለስ፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጨው ኦቨርሎክ ክር ሲያነባብር ክሩን የሚያቆላልፈውን ሉፐር ማስተካከል፣ ሞተሩ ሲነድ መለየት። ይህንን ሰው ከፍሎ ይማረዋል፣ አንቺ ደመወዝ እየተከፈለሽ የምትማሪበት ቦታ ላይ ነሽ። ከፋብሪካ የምትወጪው ይህን ጨርሰሽ ይሁን።

እሑድ እሑድ ደግሞ ውጪ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ከባልሽ ጋር ሂጂ። እዚህ ላይ ነው ባጃጁ የሚጠቅማችሁ! እሱ ቀኑን ሙሉ የልብስ ሰፊዎቹን በር ሲያልፍ ይውላል። ያውቁታል። «ባለቤቴ ማሽን ትጠግናለች፣ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርታለች» ቢል በሩ ይከፈታል። ማሽን ደግሞ ከባድ ነው፣ በታክሲ ተሸክሞ የሚወስድ ሰፊ የለም፤ እሱ ጭኖ ያመጣል፣ ሲሠራ ይመልሳል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ማሽኖች ዕቃውን ብቻ አስከፍይ፣ የእጅሽን ተይ። «ሴት ናት እንዴ የምትጠግነው?» የሚል አይጠፋም። አትከራከሪው። ማሽኑን አስነስተሽ ጨርቅ አስገቢና ስፊበት፣ ጨርቁን ስጪው። መካኒክ ወንድ ሲጠግን ማሽኑ መዞሩን ነው የሚያየው፣ አንቺ ግን ስፌቱን ታዪዋለሽ፣ ስድስት ዓመት ጥራት ሲፈተሽብሽ ኖረሻል። ሰፊ ይህን ወዲያው ያውቀዋል።

በስምንት እሑድ ውስጥ ከፍሎ ያሠራሽ ሰው ከአምስት ካነሰ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፣ ጻፊልኝ። ከአሥር ካለፈ ግን ገበያው ተናግሯል።

ዩኒፎርሙን ጨርሰሽ አትጣይው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጥሩ ነው። ግን ጨርቁን ቀድመሽ በገንዘብሽ ትገዣለሽ፣ ትምህርት ቤቶቹ በብዛት የራሳቸው ሰፊ አላቸው፣ ከመስከረም በኋላ ደግሞ ዘጠኝ ወር ማሽኑ አቧራ ይጠጣል። የሁለት ወር ተጨማሪ ገቢ አድርጊው፣ ከዚያ በላይ አትደገፊበት።

አሁን የመልቀቁ ነገር፣ እዚህ ላይ በደንብ ስሚኝ። አለቃሽ «መልቀቅ የሚፈልግ ማመልከቻ ያስገባ» ሲል ለድርጅቱ የሚረክሰውን ነው የጠየቀው። አታስገቢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ራሱ ሠራተኛ ሲቀንስ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ ይከፍላል። ለስድስት ዓመት 30 ቀንና 50 ቀን፣ 80 ቀን ይሆናል። በቅነሳ ምክንያት ከሆነ በዚህ ላይ የ60 ቀን ይጨመራል። በድምሩ የ140 ቀን። ቅድሚያ ማስጠንቀቂያም ሁለት ወር ነው። በራስሽ ፈቃድ ለቅቄያለሁ ብለሽ ከፈረምሽ ግን የቅነሳው 60 ቀን የለም፣ ማስጠንቀቂያ የምትሰጪውም አንቺ ትሆኛለሽ። ቅነሳው ወሬ ከሆነ ደግሞ ደመወዝ እየበላሽ ሥራሽን ትማሪያለሽ። በሁለቱም መንገድ መጠበቁ ላንቺ ያዋጣል። የሚያስፈርሙሽ ወረቀት ካለ ሳታነቢ አትፈርሚ፣ ፎቶ አንሺና ወይ ሠራተኛ ማኅበሩ ዘንድ ወይ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘንድ ይዘሽ ሂጂ።

ደመወዝሽንና የግል ሥራሽን ስታወዳድሪም እጅሽ ላይ የሚገባውን ብቻ አትቁጠሪ። ለጡረታሽ ከአንቺ 7 በመቶ ሲቆረጥ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ ስትወጪ ያ ይቆማል። ሁለተኛ ልጅ ካሰባችሁ ደግሞ ይህንን ዛሬውኑ ተነጋገሩበት። ተቀጥረሽ ብትወልጂ ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ አለሽ። በግልሽ እየሠራሽ ብትወልጂ ግን ፈቃዱ የማይከፈልበት ነው፣ ደንበኛም አይጠብቅሽም። ወንድ ወደ ግል ሥራ ሲወጣ ይሄ ሒሳብ ውስጥ የለም፣ ለባልሽ በፍቅር አስረጂው፣ ላያውቀው ይችላል።

ስለ ባልሽ ትንሽ ልበል። ደብዳቤሽ ውስጥ ቅያሜ ያለ መሰለኝ፣ ልክ ነሽ፣ ግን ከእሱም በኩል አይተሽ ታውቂያለሽ? ወንድ ሥራ ሲያጣ ሳምንት ቤቱ መቀመጥ አይፈቀድለትም። አንቺ ሥራ ብታጪ ሰው ያዝንልሻል፤ እሱ ቢያጣ «ምን ዓይነት ወንድ ነው» ይባላል። ስለዚህ የሚያዋጣውን እስኪያገኝ አይጠብቅም፣ የመጀመሪያውን ይይዛል። የሰው ባጃጅ ይዞ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ፣ ገቢውን ሞልቶ፣ ባዶ እጁን የሚገባው ለዚህ ነው። አንቺን ደጃፍ ላይ የሚያስቀምጥሽ ነገር እሱን መሪ ላይ አስሮታል።

ሽርክናውን ግን አልደግፈውም። 60,000 ብር ዛሬ የባጃጅ ዋጋ ጫፍ አይደርስም፣ ስለዚህ ትንሹን ድርሻ ይዛችሁ የትልቁን ባለድርሻ ቃል ትጠብቃላችሁ። ሊብሬው በማን ስም ነው? ቢጋጭ ማን ያሠራል? ማን ስንት ቀን ይነዳል? ይህን በጽሑፍ፣ በውል ካልመለሰላችሁ ብር አይውጣ። ከዚያ ይልቅ የሴራሚክ መቁረጫው አሁንም አለው? ካልሸጠው ይዞት ይቆይ። አዲስ ቤት ሲቀዘቅዝ ጥገና ይጀምራል፣ የተነሣ የሽንት ቤት ወለል፣ የተሰነጠቀ የኩሽና ግድግዳ። ማንም ትልቅ ባለሙያ ለአምስት ካሬ አይመጣም፣ እሱ በባጃጁ ይሄዳል። ሁለታችሁም ጠጋኞች ልትሆኑ ትችላላችሁ።

አማትሽን በተመለከተ፣ ልጁን እየጠበቁ ያሉት በነፃ ነው። ይህ ሳይቆጠር የቀረ የእሳቸው ሥራ ነው። ከመጀመሪያው ከምታገኚው ላይ በየወሩ ትንሽም ቢሆን በእጃቸው ስጪያቸው፣ «ለእርስዎ ነው» ብለሽ። ሥራሽ ሥራ መሆኑን ቤቱ የሚያምነው ያኔ ነው። የምትጠግኚበትን ቦታም ቤት አታድርጊው። ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ተከራዪ፣ ኪራዩን የእሱን ማሽን በመጠገን ልትችዪው ትችያለሽ። ቤት ከሆንሽ ልጁ ያለቅሳል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና አፍዪ ይሉሻል፣ የሰው ማሽን ተፈትቶ ያድራል።

እቁቡ ሲደርስሽ ከላዩ ላይ የሦስት ወር ኪራይና የልጁን ወጪ አንሺና በራስሽ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ አስቀምጪው፣ ማንም እንዳይነካው፣ አንቺም። ከቀረው ጥሩ የመፍቻ ስብስብ፣ የመርፌና የቦቢን ዓይነት፣ የቺንጋ መጠባበቂያ፣ አንድ ያገለገለ ኦቨርሎክ ግዢ፣ ፈትተሽ የምትገጥሚበት። ማሽን እየገዛሽ ስትሄጂ ለብድር እንደሚጠቅምሽም እወቂ፤ በአዋጅ 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት ሊመዘገብ ይችላል፣ ካርታ የሌላት ሴት ይህን ማወቅ አለባት። ግን በመጀመሪያው ዓመት አትበደሪ።

ላይን ሊደርሽ ቅርብሽ ናት ብለሻል። እወቂያት፣ ውደጃት፣ ግን ለጊዜው ዝም በይ። ቅነሳ ሲመጣ ስም ዝርዝር የሚያወጡት እነሱ ናቸው፣ «እሷ ልትወጣ ነው» የሚለው ወሬ ካንቺ በፊት ይደርሳል። መካኒኩንም «ለሰፈር ማሽን ነው» በይው፣ ውሸት አይደለም። ስምንቱ እሑድ ሲያልቅ ስንት ማሽን እንደጠገንሽና ስንቱ እንደከፈለ ጻፊልኝ፣ ቁጥሩን እፈልገዋለሁ።